የቤታችንን ሙዚቃ የት እናኑረው? ለአነስተኛ የሙዚቃ ሰርቨር የሚሆን መጋዘን አመራረጥ

በብዙ የኢትዮጵያ ቤቶች፣ ከቁም ሣጥን አናት ወይም ከአልጋ ሥር፣ በካርቶን የታጨቁ የሙዚቃ ካሴቶች ይገኛሉ። ከእነዚህ አንዳንዶቹ በየሱቁ ይሸጡ የነበሩ ናቸው፤ አንዳንዶቹ ግን በዓለም ላይ ሌላ ቅጂ የሌላቸው ናቸው። የሠርግ ዕለት የተቀረጸ የማሲንቆ ጨዋታ፣ ዛሬ በሕይወት የሌሉ አያት ያወጡት ቀረርቶ፣ በአውንጊ ቋንቋ የተዘፈነና በየትኛውም ማሳተሚያ ቤት ያላለፈ ዘፈን እዚያ ውስጥ ሊገኝ ይችላል። አዲሱ ትውልድ ደግሞ በካሴት ፋንታ በሞባይል ስልክ ይቀርጻል። በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ የሚከበረውን የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በዓል የሚቀርጹት ስልኮች ብዛት ለመቁጠር ያዳግታል። ይሁን እንጂ አብዛኛው ቅጂ የሚኖረው በጥፍር መጠን በሆነች አንዲት ሚሞሪ ካርድ ላይ ነው።

ይህን ሁሉ ድምፅ በአንድ ቦታ ሰብስቦ፣ በቤት ውስጥ ባለ ኔትወርክ አማካይነት በስልክ፣ በኮምፒዩተርና በቴሌቪዥን ማዳመጥ ዛሬ ውድ ቴክኖሎጂ አይደለም። ጥያቄው መጋዘኑ ምን ዓይነት ይሁን የሚለው ነው። ይህ ጽሑፍ ጥያቄውን ከፊዚክስና ከቀላል ስሌት ተነሥቶ ለመመለስ ይሞክራል። የሱቅ ማስታወቂያዎች በቅድሚያ የሚነግሩን የዲስኩን ፍጥነትና ስፋት ነው፤ ስሌቱን ስንሠራ ግን ለሙዚቃ ወሳኞቹ ሌሎች ነገሮች ሆነው እናገኛቸዋለን።

ድምፅ እንዴት ይተርፋል?

የኢትዮጵያ ሙዚቃ ቀረጻ ከመቶ ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ጀርመን አገር ሄደው ድምፃቸውን በሸክላ አስቀርጸዋል። እ.ኤ.አ. በ1969 አምሃ እሸቴ አምሃ ሪከርድስን መሥርተው እስከ 1975 ድረስ የዓለማየሁ እሸቴንና የሌሎችንም ከያንያን ሥራ በሸክላ አሳተሙ። ከዚያ በኋላ ሸክላ ለካሴት ቦታውን ለቀቀ። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ «ኢትዮፒክስ» በተሰኘው ተከታታይ የሲዲ እትም የዚያን ዘመን ሙዚቃ ለዓለም አዳረሰ። የ1960ዎቹና የ1970ዎቹ ሙዚቃ ዛሬ ሊደመጥ የቻለው ቅጂው በአንድ ቦታ ብቻ ስላልቀረ ነው። ማሳተሚያ ቤት ያላገኘው የቤተሰብ ቀረጻ ግን ይህ ዕድል የለውም።

ካሴት እንዴት እንደሚያረጅ ማወቅ ይጠቅማል። የካሴት ክር በፕላስቲክ ላይ በሙጫ የተጣበቀ የብረት ኦክሳይድ ብናኝ ነው። ድምፁ የተጻፈው በብናኙ መግነጢሳዊ አቅጣጫ ነው። መግነጢሱ ራሱ ለብዙ ዓመታት ሊቆይ ይችላል፤ ቶሎ የሚጎዳው ሙጫውና ፕላስቲኩ ነው። ዝናብ በሚበዛበት እንደ አዊ ባለ ደጋ አካባቢ እርጥበትና ሻጋታ የካሴት ጠላቶች ናቸው። በዚህ ላይ ካሴት ማጫወቻው ራሱ ከገበያ እየጠፋ ነው። በዩኔስኮ «መረጃ ለሁሉም» ፕሮግራም ከዓለም አቀፉ የድምፅና የምስል ቤተ መዛግብት ማኅበር ጋር በመተባበር እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ ያሰማው ማስጠንቀቂያ ዋና መልእክትም ይኸው ነው፤ ክሩ ቢተርፍ እንኳ የሚያነበው መሣሪያና መለዋወጫው እየጠፋ በመሆኑ ጊዜው አጭር ነው።

የቤት ሙዚቃ ሰርቨር ምንድን ነው?

ሰርቨር ሲባል ብዙዎች ግዙፍ ማሽን ይታያቸዋል። በመሠረቱ ግን ሰርቨር ማለት ሌሎች መሣሪያዎች ሲጠይቁት ፋይል የሚሰጥ ማንኛውም ኮምፒዩተር ነው። የሙዚቃ ሰርቨር ሦስት ክፍሎች አሉት፤ ፋይሎቹ የሚቀመጡበት ዲስክ፣ ዘፈኖቹን በዘፋኝና በአልበም ከፋፍሎ የሚያቀርብ ፕሮግራም፣ እና ሁሉንም የሚያገናኝ ራውተር። እንደ ጄሊፊንና ናቪድሮም ያሉ ፕሮግራሞች በነፃ ይገኛሉ። ዲስኩን ከነአነስተኛ ኮምፒዩተሩ በአንድ ሣጥን አድርገው የሚሸጡ አምራቾችም አሉ፤ ይህ ሣጥን በእንግሊዝኛ ምሕፃረ ቃሉ ናስ ይባላል፤ የኔትወርክ መጋዘን ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መለየት ያስፈልጋል። የቤት ኔትወርክና ኢንተርኔት አንድ አይደሉም። ስልካችን ከራውተሩ፣ ራውተሩም ከሰርቨሩ ጋር እስከተገናኙ ድረስ ከቤት ውጭ የሚወጣ መስመር ባይኖርም ሙዚቃው ይደመጣል። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለረጅም ጊዜ በቆየበት ወቅት፣ ሙዚቃውን ከውጭ አገር ድርጅቶች በኢንተርኔት ብቻ ያዳምጥ የነበረ ሰው ያለ ሙዚቃ ቀርቷል። በጥርባ፣ በዳንግላ ወይም በእንጅባራ ያለ ቤተሰብ የራሱ መጋዘን ቢኖረው ለማዳመጥ የሚያስፈልገው መብራት ብቻ ነው።

ሙዚቃ ስንት ባይት ነው?

መጋዘን ከመግዛት በፊት የእህሉን መጠን ማወቅ ይገባል። የጤናማ ወጣት ጆሮ ከ20 እስከ 20,000 ኸርዝ ያለውን ድምፅ ይሰማል። በናሙና ንድፈ ሐሳብ መሠረት አንድን ሞገድ ሳይዛባ ለመመዝገብ በሰከንድ ከከፍተኛው ፍሪኩዌንሲ እጥፍ በላይ ናሙና መውሰድ ያስፈልጋል። ስለዚህ ሲዲ በሰከንድ 44,100 ናሙናዎችን ይወስዳል፤ እያንዳንዱን ናሙና በ16 ቢት ማለትም በ65,536 ደረጃዎች ይለካል፤ ለግራና ለቀኝ ደግሞ ሁለት ጊዜ ይመዘግባል። ስሌቱ የሚከተለው ነው።

44,100 × 16 × 2 = 1,411,200 ቢት በሰከንድ

ይህን ለ8 ብናካፍል 176,400 ባይት በሰከንድ፣ በሰዓት ደግሞ 635 ሜጋ ባይት ያህል ይሆናል። እንግዲህ ባለ 60 ደቂቃ ካሴት 200 ያለው ቤተሰብ ሁሉንም በሲዲ ጥራት ቢመዘግብ 127 ጊጋ ባይት ይበቃዋል። ለቤተ መዛግብት የሚመከረው ጥራት ከዚህ ከፍ ያለ ነው። በሰከንድ 48,000 ናሙና በ24 ቢት ከሆነ 200ው ካሴት 207 ጊጋ ባይት ያህል፣ በሰከንድ 96,000 ናሙና ከሆነ ደግሞ 415 ጊጋ ባይት ያህል ይወስዳል።

ፋይሉን ማሳነስ ይቻላል፤ መንገዱም ሁለት ነው። የመጀመሪያው ምንም ሳይጣል ማሳነስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው ፍላክ የተባለው ዘዴ ሙዚቃን ብዙውን ጊዜ ወደ ግማሽ ግድም ያወርደዋል፤ ሲከፈት ግን እያንዳንዱ ቢት እንደነበረ ይመለሳል። ሁለተኛው ጆሮ አያስተውለውም የተባለውን ክፍል ጥሎ ማሳነስ ነው። ኤም ፒ 3 የዚህ ምሳሌ ነው፤ በሰከንድ 128 ኪሎ ቢት ቢሆን 200ው ካሴት በ12 ጊጋ ባይት ውስጥ ይጠቃለላል። የተጣለው ግን አይመለስም። ስለዚህ መጋዘኑ ውስጥ የሚቀመጠው ፍላክ፣ ስልክ ላይ የሚጫነው ኤም ፒ 3 ቢሆን ይመረጣል።

ተማሪዎች ልብ ሊሉት የሚገባ አንድ ነጥብ አለ። ያረጀና የሚንሿሿ ካሴት በፍላክ ሲታመቅ ከአዲስ ቀረጻ ያነሰ ይታመቃል። ምክንያቱም ሹክሹክታው በዘፈቀደ የሚለዋወጥ ነው፤ በዘፈቀደ የሆነ ነገር ደግሞ ሥርዓት ስለሌለው ሊተነበይም ሊታጠርም አይችልም። ክላውድ ሻነን እ.ኤ.አ. በ1948 ያቀረበው የመረጃ ንድፈ ሐሳብ የሚለው ይህንኑ ነው።

ሱቅ ስንሄድ ደግሞ ሌላ ነገር ያጋጥመናል። ባለ 1 ቴራ ባይት ዲስክ ገዝተን ኮምፒዩተሩ 931 ጊጋ ባይት ብቻ ሊያሳየን ይችላል። ማታለል አይደለም። አምራቹ ቴራን 1,000,000,000,000 አድርጎ ሲቆጥር ኮምፒዩተሩ ጊጋን 1,073,741,824 አድርጎ ስለሚቆጥር ነው። ያም ሆነ ይህ ከዛሬ ዲስኮች ትንሹ የሚባለው እንኳ ለአንድ ቤተሰብ ሙዚቃ ሰፊ ነው።

ፍጥነት ያስፈልጋልን?

ከላይ እንዳየነው ያልታመቀ ሙዚቃ በሰከንድ 0.18 ሜጋ ባይት ገደማ ይፈልጋል። ተራ የሚባል ባለ ሞተር ሐርድ ዲስክ በተከታታይ ሲያነብ በሰከንድ 150 ሜጋ ባይት ያህል ይሰጣል፤ ይህም የሚያስፈልገውን 850 ጊዜ ያህል መሆኑ ነው። ኔትወርኩም ቢሆን አይጠብም። በሰከንድ 100 ሜጋ ቢት የሚያስተላልፍ የቆየ ራውተር በንድፈ ሐሳብ 70 ሰዎች 70 የተለያዩ ዘፈኖችን በሲዲ ጥራት በአንድ ጊዜ እንዲያዳምጡ ያስችላል።

መደምደሚያው ግልጽ ነው። ለሙዚቃ መጋዘን ፈጣን ዲስክ መግዛት አንዲት እንስራ ውኃ ለመቅዳት ወንዝ እንደ መጥለፍ ነው። በደቂቃ 7,200 ጊዜ ከሚዞር ዲስክ ይልቅ በደቂቃ 5,400 ጊዜ የሚዞረው ጸጥ ያለ፣ ብዙም የማይግልና ኃይል የሚቆጥብ በመሆኑ የተሻለ ነው። ከፍጥነት የሚተርፈውን ገንዘብ ለሁለተኛ ቅጂና ለባትሪ ማዋል ይገባል።

መግነጢስ ወይስ ኤሌክትሮን?

በገበያ ላይ ሁለት ዓይነት መጋዘኖች አሉ። የመጀመሪያው የካሴት የልጅ ልጅ የሆነው ሐርድ ዲስክ ነው። ዴንማርካዊው ቫልደማር ፖልሰን እ.ኤ.አ. በ1898 ድምፅን በብረት ሽቦ ላይ በመግነጢስ ከመዘገበ በኋላ፣ በ1956 አይ.ቢ.ኤም. 50 ግዙፍ ሳሕኖች ያሉትንና 5 ሚሊዮን ፊደላት የሚይዘውን የመጀመሪያውን ዲስክ ለገበያ አቀረበ። ዛሬ ያለው እድገት ምን ያህል እንደሆነ ለመረዳት ካሴትን እናነጻጽር። የካሴት ክር በሰከንድ 4.76 ሴንቲ ሜትር ይጓዛል። የ10,000 ኸርዝ ድምፅ አንድ ሙሉ ሞገድ በክሩ ላይ የሚይዘው ርዝመት 4.76 ማይክሮ ሜትር ነው ማለት ነው። በዘመናዊ ሐርድ ዲስክ ላይ ግን የአንድ ቢት ርዝመት ከ20 ናኖ ሜትር ያነሰ ነው። ይህን ደቃቅ መግነጢስ ማንበብ እንዲቻል በር የከፈተው አልበርት ፌርትና ፒተር ግሩንበርግ እ.ኤ.አ. በ1988 ያገኙት ግዙፍ የመግነጢስ ተቃውሞ የተሰኘው ክስተት ሲሆን፣ ለዚህም በ2007 የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል።

ሁለተኛው ዓይነት ፍላሽ ነው። ሚሞሪ ካርድ፣ የኪስ ፍላሽና ኤስ.ኤስ.ዲ. የሚባለው ዲስክ በዚህ ውስጥ ይጠቃለላሉ። እዚህ መረጃው በመከላከያ ንጣፍ በተከበቡ ጥቃቅን ክፍሎች ውስጥ የታሰሩ ኤሌክትሮኖች ናቸው። የሚንቀሳቀስ አካል ስለሌለው ቢወድቅ አይጨነቅም፤ ድምፅም የለውም። ይሁን እንጂ እስረኞቹ ኤሌክትሮኖች ቀስ በቀስ ያመልጣሉ፤ ሙቀት ማምለጣቸውን ያፋጥናል። ስለዚህ ፍላሽን ሞልቶ፣ ያለ ኃይል በመሳቢያ ቆልፎ ለብዙ ዓመታት መተው አይመከርም። ለዕለት ተዕለት ማዳመጫ ኤስ.ኤስ.ዲ. ጥሩ ነው፤ በመሳቢያ ለሚቀመጥ ቅጂ ሐርድ ዲስክ ይሻላል።

ፍላሽን በተመለከተ ሌላም ማስጠንቀቂያ አለ። በላዩ ከተጻፈው ያነሰ የሚይዝ አስመሳይ ፍላሽ በዓለም ገበያ ሞልቷል። ኮምፒዩተሩ እንኳ የተጻፈውን ቁጥር እንዲያሳይ ተደርጎ ይሠራል፤ እውነተኛው ቦታ ሲሞላ ግን በቀደመው ላይ እየጻፈ ያጠፋዋል። መፍትሔው የገዛነውን ፍላሽ ሙሉ በሙሉ ሞልተን መልሰን በማንበብ ከመጀመሪያው ጋር ማመሳከር ነው። ይህን የሚሠሩ ነፃ ፕሮግራሞች አሉ። ዋጋው ከሚገባው በላይ ከረከሰ መጠርጠር ይገባል።

ከሐርድ ዲስኮች መካከልም የመረጃ መስመሮቻቸው እንደ ጣሪያ ቆርቆሮ አንዱ በአንዱ ላይ የሚደረቡ አሉ። ይህ አሠራር ብዙ መረጃ ለመያዝ ያስችላል፤ ነገር ግን አንዱን ቆርቆሮ ለመቀየር የተደረበውንም ማንሣት እንደሚያስፈልግ ሁሉ እንደገና መጻፍ ሲኖር ዝግተኛ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2020 አንዳንድ አምራቾች ይህን ሳይገልጹ እንደሸጡ ታውቆ ብዙ ቅሬታ ተነሥቶ ነበር። ሙዚቃ አንድ ጊዜ ተጽፎ ብዙ ጊዜ የሚነበብ በመሆኑ ለብቻው ለሚሠራ ዲስክ ጉዳቱ ትንሽ ነው፤ ዲስኮችን በጥምረት ለማሠራት ለሚያስብ ግን ዲስኩ ይህ ዓይነት አለመሆኑን ማረጋገጥ ይጠቅማል።

ከፍታና አየር

የደጋ አገር ሰው ሊያውቀው የሚገባና በሱቅ የማይነገር ጉዳይ አለ። በሐርድ ዲስክ ውስጥ አንባቢው ራስ ሳሕኑን አይነካም፤ ሳሕኑ ሲሽከረከር አብሮት በሚዞረው አየር ላይ ይንሳፈፋል። ክፍተቱ ጥቂት ናኖ ሜትር ብቻ ነው። አየሩ ከሳሳ ተሸካሚነቱ ይቀንሳል፤ ራሱም ወደ ሳሕኑ ይቀርባል። በዚህ ምክንያት ብዙ አምራቾች ዲስካቸው እንዲሠራ የሚፈቅዱት ከባሕር ጠለል በላይ እስከ 3,000 ሜትር ገደማ ብቻ ነው።

ዳንግላ ከ2,100 ሜትር፣ እንጅባራ ደግሞ ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ይገኛሉ። በ2,500 ሜትር የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው 74 በመቶ ያህል ነው። ስለዚህ እንጅባራ ከገደቡ በታች ናት፤ ተራ ዲስክ ያለ ሥጋት ይሠራባታል። በመንዝ ጓሳ አካባቢ ግን ከ3,200 ሜትር በላይ ስለሆነ ተራ ሐርድ ዲስክ መምረጥ አይገባም። ለዚያ ሁለት አማራጮች አሉ። አንደኛው የሚንሳፈፍ አካል የሌለው ኤስ.ኤስ.ዲ. ነው። ሁለተኛው እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ለገበያ የቀረበው ሂሊየም የተሞላ ዲስክ ነው፤ ሙሉ በሙሉ የታሸገ በመሆኑ በውስጡ ያለው ግፊት በውጭው አየር ላይ አይመሠረትም። ችግሩ ሂሊየም ያላቸው ዲስኮች ብዙውን ጊዜ እጅግ ሰፋፊዎችና ውድ በመሆናቸው ለቤት ሙዚቃ የሚበዙ መሆናቸው ነው።

ከፍታ ማቀዝቀዝንም ይነካል። ሙቀትን ከዲስኩ የሚወስደው የአየሩ ክብደት ስለሆነ በሳሳ አየር የማራገቢያ ብቃት ይቀንሳል። በሌላ በኩል ደጋው ራሱ ቀዝቃዛ መሆኑ ጉድለቱን ያካክሳል። ሣጥኑን በጨርቅ አለመሸፈን፣ ከምድጃና ከጭስ ማራቅ፣ ዙሪያውን ክፍት መተው በቂ ነው።

መብራት፣ ባትሪና መብረቅ

ሰርቨር ሌት ተቀን የሚሠራ በመሆኑ ፍጆታው መሰላት አለበት። 80 ዋት የሚወስድ የቆየ ዴስክቶፕ ኮምፒዩተር በዓመት 700 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ሁለት ዲስክ ያለው 20 ዋት የሚወስድ ናስ 175 ያህል፣ ኤስ.ኤስ.ዲ. የተገጠመለት 6 ዋት የሚወስድ ባለ አንድ ሰሌዳ ኮምፒዩተር ደግሞ 53 ያህል ይፈጃል። ልዩነቱ ከአሥር እጥፍ በላይ ነው።

ልዩነቱ በይበልጥ የሚታየው መብራት ሲጠፋ ነው። 12 ቮልት፣ 7 አምፔር ሰዓት የሆነ አነስተኛ ባትሪ 84 ዋት ሰዓት ኃይል ይይዛል። ባትሪው ቶሎ እንዳያረጅ ግማሹን ብቻ እንጠቀም ብንል 42፣ በመለዋወጥ የሚባክነውን 20 በመቶ ብንቀንስ 34 ዋት ሰዓት ገደማ ይቀራል። ትንሿ ኮምፒዩተርና ራውተሩ በጋራ 12 ዋት ቢወስዱ ሦስት ሰዓት ለሚጠጋ ጊዜ ይሠራሉ። ዴስክቶፑ ግን በዚሁ ባትሪ ግማሽ ሰዓት እንኳ አይቆይም።

መብራት በድንገት ሲጠፋ በሐርድ ዲስኩ ውስጥ አንድ የሚያስደንቅ ነገር ይከናወናል። የሚሽከረከረው ሞተር ለቅጽበት ወደ ጄኔሬተርነት ይለወጣል፤ ሳሕኑ ያጠራቀመው የእንቅስቃሴ ኃይል ኤሌክትሪክ ሆኖ አንባቢውን ራስ ወደ ማረፊያው ይመልሰዋል። ስለዚህ መብራት በጠፋ ቁጥር ዲስኩ አይቧጨርም። የሚጎዳው በዚያች ቅጽበት ሊጻፍ በመንገድ ላይ የነበረው መረጃ ነው። ዩ.ፒ.ኤስ. የምንገዛ ከሆነ ባትሪው ሊያልቅ ሲል ለሰርቨሩ በሽቦ ምልክት ሰጥቶ በሥርዓት እንዲዘጋ የሚያደርገውን ዓይነት መምረጥ ብልህነት ነው።

ስታቢላይዘር ዝግ ያለውን የቮልቴጅ ከፍና ዝቅ ያስተካክላል፤ መብረቅን ግን አይመልስም። የመብረቅ ግፊት በማይክሮ ሰከንዶች ውስጥ የሚደርስ ሲሆን በመብራት መስመር ብቻ ሳይሆን በስልክና በኔትወርክ ሽቦም ይገባል። ክረምቱ ነጎድጓዳም በሆነበት በአዊ ምድር አስተማማኙ መከላከያ ሶኬቱንም የስልክ ሽቦውንም መንቀል ነው። ለዚህም ነው ቀጥሎ የምናየው ጉዳይ ከሁሉ የሚበልጠው።

ሁለት ዲስክ ሁለት ቅጂ ነውን?

እ.ኤ.አ. በ1988 በበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ፓተርሰን፣ ጊብሰንና ካትዝ ብዙ ርካሽ ዲስኮችን አጣምሮ አንዱ ቢበላሽ ሥራው እንዳይቋረጥ የሚያደርግ አሠራር በጽሑፍ አቀረቡ፤ ሬይድ ይባላል። ቀላሉ ዓይነት መስተዋት ነው፤ የሚጻፈው ሁሉ በሁለት ዲስኮች ላይ እኩል ይጻፋል።

ለስሌት ያህል አንድ ዲስክ በአንድ ዓመት ውስጥ የመበላሸት ዕድሉ 2 በመቶ ነው እንበል። በአሥር ዓመት ውስጥ አለመበላሸቱ 0.98 አሥር ጊዜ በራሱ ተባዝቶ 0.82 ያህል ነው፤ ማለትም የመበላሸቱ ዕድል ወደ 18 በመቶ ይጠጋል። ሁለት ዲስኮች በአንድ ዓመት ውስጥ የመበላሸታቸው ዕድል ግን 0.02 × 0.02 = 0.0004፣ ከ2,500 አንድ ነው። ቁጥሩ ያስደስታል።

ነገር ግን ይህ ማባዛት የሚሠራው ሁለቱ ክስተቶች የማይገናኙ ሲሆኑ ብቻ ነው። በአንድ ሣጥን ውስጥ ያሉ ሁለት ዲስኮች ግን አንድ ሶኬት፣ አንድ ጣሪያና አንድ በር ይጋራሉ። መብረቅ፣ እሳት፣ የጣሪያ ፍሳሽና ሌባ አንዱን ለይተው አይወስዱም። በስሕተት የጠፋ ፋይልም በመስተዋቱ ውስጥ በዚያው ቅጽበት ይጠፋል። መስተዋት ሥራ እንዳይቋረጥ ያደርጋል እንጂ ቅጂ አይደለም። ለቤት ሙዚቃ ደግሞ ለአንድ ቀን ቢቋረጥ የሚጎዳ የለም፤ የሚጎዳው ለዘለዓለም ቢጠፋ ነው።

ስለዚህ ሁለት ዲስክ መግዛት የሚችል ቤተሰብ በመስተዋት ከሚያጣምራቸው ይልቅ ለያይቶ ቢያስቀምጣቸው የተሻለ ነው። የታወቀው ደንብ እንዲህ ይላል፤ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት መሣሪያ፣ አንዱ ከቤት ውጭ። አንዱ ሰርቨሩ ላይ ይሁን፤ ሁለተኛው ከሶኬት ተነቅሎ በመሳቢያ ይቀመጥ፤ ሦስተኛው ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ ላለ ዘመድ ይላክ። እንዲህ ሲሆን ክስተቶቹ በእርግጥም ወደ አለመገናኘት ይቀርባሉ፤ ስሌታችንም እውነት ይሆናል። በየዓመቱ ቅጂዎቹን እየከፈቱ ማመሳከር ያስፈልጋል። ለእያንዳንዱ ፋይል ከይዘቱ ተሰልቶ የሚወጣ አጭር ቁጥር፣ እንደ ጣት አሻራ ያለ ማለት ነው፣ አስቀድሞ ከተመዘገበ አንዲት ቢት እንኳ ብትለወጥ ወዲያው ይታወቃል።

ሰርቨሩን ከውጭ ሆነው ለማዳመጥ ሲሉ በቀጥታ ለኢንተርኔት መክፈትም አይገባም። እ.ኤ.አ. በ2022 መጀመሪያ ዴድቦልት የተባለው ጥቃት ለኢንተርኔት የተጋለጡ ብዙ የቤት ናሶችን ቆልፎ ባለቤቶቻቸውን ቤዛ ጠይቋል።

ስም ያልወጣለት ዘፈን የጠፋ ዘፈን ነው

መጋዘኑ ቢሟላ እንኳ ዘፈኑን ፈልጎ ማግኘት ካልተቻለ ድካሙ ከንቱ ነው። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ ሥርዓት ውስጥ ከገባ ወዲህ የፋይል ስምን በግዕዝ ፊደል መጻፍ ይቻላል። ከዚያ በፊት በነበሩ የአማርኛ ሶፍትዌሮች የተጻፉ ስሞች ግን በአዲስ ኮምፒዩተር ላይ ትርጉም የሌላቸው ምልክቶች ሆነው ስለሚታዩ እንደገና መጻፍ አለባቸው።

ሌላው የሞክሼ ፊደላት ጉዳይ ነው። ለእኛ «ጥላሁን ገሠሠ» እና «ጥላሁን ገሰሰ» አንድ ሰው ናቸው፤ ለኮምፒዩተሩ ግን ሁለት የተለያዩ ዘፋኞች ናቸው። ስለዚህ ከመጀመሪያው አንድ አጻጻፍ መርጦ በዚያ መጽናት ያስፈልጋል። ለቤተሰብ ቀረጻ ደግሞ ከስሙ ጋር የተቀረጸበት ቦታ፣ ዓመተ ምሕረቱ፣ ማን እንደተጫወተና በምን ቋንቋ እንደሆነ ይጻፍ። ይህን የሚያውቁት ሽማግሌዎች በሕይወት ሳሉ መጠየቅ ዲስክ ከመግዛት ይቀድማል፤ ዲስክ ነገም ይገዛል።

እንግዲህ ምን እንግዛ?

ከላይ የተባለውን በሦስት የአቅም ደረጃዎች ማጠቃለል ይቻላል።

አንደኛ፣ ገንዘብ ለሌለው ተማሪ፦ አዲስ ሰርቨር አያስፈልግም። በቤት ያለ የቆየ ላፕቶፕ ይበቃል፤ ባትሪው ገና የሚሠራ ከሆነ ዩ.ፒ.ኤስ.ም ሆኖ ያገለግላል። የሚገዛው አንድ የውጭ ሐርድ ዲስክ ብቻ ነው፤ ለሁለተኛ ቅጂ።

ሁለተኛ፣ መካከለኛ አቅም ላለው ቤተሰብ፦ ባለ አንድ ሰሌዳ ኮምፒዩተር ከኤስ.ኤስ.ዲ. ጋር፣ አነስተኛ ባትሪ፣ ሁለት የውጭ ሐርድ ዲስኮች፤ አንዱ በቤት፣ አንዱ በዘመድ ዘንድ። ከዋጋው አንጻር ሲታይ ለአብዛኛው ቤተሰብ የሚሻለው ይህ ነው።

ሦስተኛ፣ ለትምህርት ቤት፣ ለባህል ማኅበር ወይም ለቀበሌ ቤተ መጻሕፍት፦ ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ስለሚጠቀምበትና መቋረጡ ስለሚጎዳ ባለ ሁለት ዲስክ ናስ በመስተዋት፣ ምልክት የሚሰጥ ዩ.ፒ.ኤስ.፣ እንዲሁም በሌላ ከተማ የሚቀመጥ ሙሉ ቅጂ።

ከሦስቱ የትኛውም ቢመረጥ ሥራው መጀመር ያለበት ከካሴቱ ነው። ካሴት ማጫወቻን ከኮምፒዩተር ጋር በአንድ ቀጭን ሽቦ ማገናኘት ይቻላል፤ የማጫወቻውን ራስ በአልኮል በተነከረ ጥጥ ማጽዳት አይዘንጋ። ካሴት የሚቀዳው በራሱ ፍጥነት በመሆኑ የ60 ደቂቃው ካሴት 60 ደቂቃ ይወስዳል። በቀን አንድ ካሴት የሚቀዳ ተማሪ 200ውን ለመጨረስ ሰባት ወር ያህል ያስፈልገዋል። ሌላ ቅጂ የሌላቸው የቤተሰብ ቀረጻዎች ይቅደሙ፤ በሱቅ የተሸጡት ይከተሉ። ከየአንዳንዱ ካሴት በኋላም ፋይሉ ወደ ሁለተኛው ዲስክ መገልበጡ ይረጋገጥ።